ለኪችን ካቢኔት ፈካ ያለ ቀለም ወይስ ጠቆር ያለ? ለሰሜን ሸዋ ቤቶች የመምረጫ መመሪያ

ቤት ጨርሰው ካቢኔት ሊያሠሩ የደረሱ ሰዎች ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና፣ ከእነዋሪ፣ ከሸዋ ሮቢት ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፦ «ነጭ ላሠራ ወይስ ጠቆር ያለ ቡናማ?» ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ጋር በስልክ ያገኙትን ፎቶ ይልካሉ። ፎቶው ላይ ያለው ኪችን ግን ሰፊ መስኮት ያለው፣ ቁሌት ሰዓታት የማይፈጅበት፣ እንጀራ የማይጋገርበት ነው። ስለዚህ በፎቶ መምረጥ ብዙም አይረዳም። ምርጫውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በቅደም ተከተላቸውም እንዲህ ነው፦ ኪችንዎ የሚያገኘው ብርሃን፣ በኪችንዎ ውስጥ የሚወጣው የቆሻሻ ዓይነት፣ ከዚያ በኋላ ምርጫዎ።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ መስኮቱ ትንሽ ከሆነ የላዩ ካቢኔት ፈካ ያለ ይሁን። የታችኛው መካከለኛ የእንጨት መልክ ቢሆን በአብዛኛው ቤት ያዋጣል። ሙሉ በሙሉ ጠቆር ያለ ካቢኔት የሚያምረው ብዙ ብርሃን ባለበትና በየቀኑ የሚወለውል ሰው ባለበት ቤት ነው። ከመክፈልዎ በፊት እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ይከተሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ
- አቅጣጫ የሚያሳይ ስልክ
- እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 በ60 ሳንቲም የሆኑ ሦስት የሰሌዳ ናሙናዎች፤ አንድ ፈካ ያለ፣ አንድ ጠቆር ያለ፣ አንድ መካከለኛ የእንጨት መልክ
- ከነዚያው ሰሌዳዎች የተቆረጡ መዳፍ የሚያህሉ ቁርጥራጮች (ለእድፍ መሞከሪያ)
- ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ
- አንድ እፍኝ የጤፍ ወይም የገብስ ዱቄት፣ ጥቂት ያልተለቀመ ምስር
- ሁለት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች፤ አንዱ ነጭ ብርሃን ያለው 6500 ኬልቪን፣ ሌላው ሞቅ ያለ 3000 ኬልቪን
- ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ

ናሙና የሚሰጥ ፈርኒቸር ቤት ካላገኙ አናጢው ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ አያጣም። ገንዘብ ከፍለውም ቢሆን ይውሰዱት።

ደረጃ 1፦ መስኮቱን ይለኩ

ነጭ ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶ ገደማ መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጫል። ጥቁር ቡናማ የሚመልሰው ከ10 በመቶ አይበልጥም። ካቢኔት ደግሞ ከኪችን ግድግዳ ትልቁን ቦታ የሚይዝ ነው። ስለዚህ በጠባብ ኪችን ውስጥ ጠቆር ያለ ካቢኔት መስቀል የመስኮቱን ሥራ በግማሽ እንደመቀነስ ነው።

የመስኮቱን መስተዋት ብቻ፣ ፍሬሙን ሳይጨምሩ፣ ቁመትና ወርድ ይለኩና ያባዙ። የወለሉንም እንዲሁ። ከዚያ የመስተዋቱን ስፋት ለወለሉ ስፋት ያካፍሉ። ለምሳሌ ኪችኑ 2.5 በ3 ሜትር ከሆነ ወለሉ 7.5 ካሬ ነው። መስተዋቱ 90 በ80 ሳንቲም ከሆነ 0.72 ካሬ ነው። 0.72 ለ7.5 ሲካፈል 9.6 በመቶ ይሆናል።

እኛ የምንሠራበት መለኪያ ይህ ነው፦

- ከ10 በመቶ በታች፦ ላይም ታችም ፈካ ያለ፣ ወይም ላዩ ፈካ ያለ ሆኖ ታቹ መካከለኛ።
- ከ10 እስከ 20 በመቶ፦ ቅልቅል። ላዩ ፈካ ያለ፣ ታቹ እንደወደዱት።
- ከ20 በመቶ በላይ፦ ጠቆር ያለውም ይቻላል።

ከመስኮቱ ፊት ለፊት ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት የጎረቤት ግንብ ወይም አጥር ካለ፣ ወይም በላዩ የበረንዳ ቆርቆሮ ከወጣ፣ ያገኙትን ቁጥር በግማሽ ይቀንሱ። የኮንዶሚኒየም ኪችኖች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ኮሪደር ወይም ወደ ሌላ ሕንፃ ነው።

ከቁጥሩ በኋላ አንድ ቀላል ሙከራ ይጨምሩ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መብራት ሳያበሩ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሊሆን ያሰቡት ቦታ ላይ ቆመው ምስር ይልቀሙ። ጠጠሩና ምስሩ ካልተለየልዎት ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን የላዩን ካቢኔት ፈካ ያድርጉት። ሙከራውን በጠራ የጥቅምት ቀን አድርገው ብቻ አይወስኑ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ሲከደን ኪችኑ ምን እንደሚመስል ያስታውሱ፤ ቤቱ ያኔ ካልነበረ ደመናማ ቀን ይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ይወቁ

ጸሐይ ብርሃን ብቻ ሳትሆን ሙቀትና ቀለም ማደብዘዣም ናት። በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ 2,800 ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ቢበርድም ጸሐይዋ ጠንካራ ናት።

- ምዕራብ፦ ዓመቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። ጠቆር ያለ በር በዚህ ጸሐይ ፊት ይግላል፣ ከጊዜ በኋላም ይደበዝዛል። በሩ በኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ላይ በፒቪሲ (ስስ ፕላስቲክ) የተለበጠ ከሆነ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላውና ልባሱ ከጠርዝ ይነሳል። እዚህ ፈካ ያለ ቀለም ይምረጡ፣ ወይም መጋረጃ ያስቡ።
- ምሥራቅ፦ የጠዋት ጸሐይ ቀዝቃዛውን ክፍል ታሞቃለች፣ የሌሊቱን እርጥበት ታደርቃለች። ለሁለቱም ቀለም ጥሩ ነው።
- ደቡብ፦ ከመስከረም እስከ መጋቢት ጸሐይ ትገባለች፤ በታኅሣሥ ይበልጥ ወደ ውስጥ ትዘልቃለች። በመስኮቱ ፊት ያለው በር ብቻ ነው የሚጎዳው።
- ሰሜን፦ ብዙ ሰው «ሰሜን ጸሐይ አያገኝም» ይላል። በሰሜን ሸዋ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ጸሐይዋ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ ሆኖም ከዚያ ጊዜ ብዙው ክረምት ነው። ስለዚህ ሰሜን የሚያይ ኪችን በበጋ በቀጥታ ጸሐይ አይነካውም፤ ፈካ ያለውን ይፈልጋል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ላሉ ደግሞ ነገሩ ይለያል። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ስለሆነ ጸሐይ በምትነካው ግድግዳ ላይ ጠቆር ያለ በር አንመክርም፤ ፒቪሲ ልባስ ደግሞ ጭራሽ።

ደረጃ 3፦ የማታውን ብርሃን ያስሉ

እራት የሚሠራው ማታ ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ መስኮቱ ምንም አይረዳም፤ ያኔ ያለዎት አምፖል ብቻ ነው። ለኪችን በካሬ ሜትር 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ያስቡ። ለ7.5 ካሬ 2,250 ሉመን ይሆናል። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ 800 ሉመን ገደማ ስለሚሰጥ ሦስት አምፖል ይበቃል። ካቢኔቱ በሙሉ ጠቆር ያለ ከሆነ በግማሽ ይጨምሩ፤ ወደ 3,400 ሉመን፣ ማለትም ከአራት እስከ አምስት አምፖል። የሉመኑ ቁጥር በአምፖሉ ካርቶን ላይ ተጽፏል፤ ዋቱን ብቻ አይተው አይግዙ።

ከጣሪያ መሐል የሚወርድ አንድ አምፖል ሌላም ችግር አለው። ሽንኩርት ሲከትፉ ጀርባዎ ለአምፖሉ ስለሆነ ጥላዎ መክተፊያው ላይ ያርፋል። መፍትሔው ከላይኛው ካቢኔት ሥር፣ ከፊት ጠርዙ አጠገብ፣ በሜትር ከ8 እስከ 10 ዋት የሆነ የኤልኢዲ ገመድ መዘርጋት ነው። ጠቆር ያለ ከመረጡ ይህን እንደ ጌጥ አይዩት፤ ያለሱ ኪችኑ አይሠራም። ወጪውንም ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ያስገቡት።

መብራት ሲጠፋስ? በሻማ ወይም በስልክ መብራት ፈካ ያለ ካቢኔት ብርሃኑን ይመልሳል፣ ጠቆር ያለው ይውጠዋል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ የካቢኔት ሥር መብራት መስመሩ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይዘርጋ። የመብራቱ አስማሚ (አዳፕተር) ከዕቃ ማጠቢያውና ከእንፋሎት መውጫው መራቅ አለበት። ካቢኔቱ ከተሰቀለ በኋላ ግድግዳ የሚበሳ ሰው የተቀበረ ሽቦ ሊመታ ይችላል።

ደረጃ 4፦ በኪችንዎ ውስጥ ምን እንደሚወጣ ይጻፉ

«ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ጥቁር ቆሻሻ ይደብቃል» የሚለው አባባል በከፊል ብቻ ነው ትክክል። ሁለቱም ይቆሽሻሉ፤ የሚለያዩት በሚያሳዩት ቆሻሻ ነው።

ፈካ ያለ ገጽ የሚያሳየው፦ የበርበሬ ዘይት፣ እርድ፣ የከሰልና የዕጣን ጥቀርሻ፣ የጫማ ምት፣ በእጀታ ዙሪያ የሚጠራቀም ቅባት።

ጠቆር ያለ ገጽ የሚያሳየው፦ የጤፍ፣ የገብስና የበሶ ዱቄት፣ የመንገድ አቧራ፣ የጣት አሻራ፣ ውሃ ደርቆ የሚተወው ነጭ ምልክት፣ ጭረት።

አሁን ወረቀቱን ያውጡና ይመልሱ። እንጀራ የሚጋገረው እዚሁ ነው ወይስ ውጭ ማድቤት? ዱቄት የሚነፋው የት ነው? ቡና የሚፈላው፣ ከሰል የሚቀጣጠለው የት ነው? ቤቱ ከአስፋልት ነው ወይስ ከኮረኮንች ዳር?

ቁሌቱና ከሰሉ ውጭ ማድቤት ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ያለው ኪችን ለሻይ፣ ለማሞቅና ለዕቃ ማጠብ ብቻ ከሆነ፣ ነጭ በጣም ምቹ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ንጹህ ነጭ ያደክማል፤ ክሬም፣ ፈዛዛ ግራጫ ወይም ፈካ ያለ የእንጨት መልክ ይሻላል። በሶና ዱቄት በየቀኑ የሚነካበት ቤት፣ በመንዝና በጠራ በኩል እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ጥቁር ካቢኔት ሁልጊዜ አመድ የተነፋበት ይመስላል።

እንፋሎቱንም አይርሱ። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላውም ንፍሮውም ረጅም ጊዜ ይፈላል፤ እንፋሎቱም ያን ያህል ይበዛል። ሌሊት በበረደ የካቢኔት በር ላይ ይህ እንፋሎት ሲያርፍ ወደ ጠብታ ይቀየርና ወደ ታች ይወርዳል። በሚያብረቀርቅ ጥቁር በር ላይ የጠብታው መንገድ በሙሉ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። በፈካ ያለው አይታይም፤ ግን ውሃው ሳይታይ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወርዶ ሰሌዳውን ያሳብጣል። ስለዚህ ፈካ ያለ ከመረጡ ጠርዞቹን መጥረግ ልማድ ያድርጉት።

ደረጃ 5፦ ከቀለሙ ጋር የገጹን ዓይነት ይምረጡ

ብዙ ጸጸት የሚመጣው ከቀለም ሳይሆን ከዚህ ነው። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ሀይ ግሎስ የሚባለው፣ ለመጠበቅ ከሁሉም አስቸጋሪው ጥምረት ነው። እያንዳንዱ ጣት፣ እያንዳንዱ የጨርቅ ዙር ይታያል። ጠቆር ያለ ከፈለጉ ማት (የማያብረቀርቅ) ወይም የእንጨት መስመር ያለው ይሁን።

ፈካ ላለው ደግሞ ተቃራኒው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥልቅ መስመር ያለው ሻካራ ነጭ ገጽ በርበሬውንና ዘይቱን በመስመሮቹ ውስጥ ይይዛል፤ በጨርቅ አይወጣም። ለነጭ ለስላሳ ገጽ ይምረጡ፤ ከፊል አንጸባራቂ ቢሆን ጥሩ ነው።

በዘይት ቀለም የሚቀባ ነጭ በርም ይጠየቃል። ዘይት ቀለም በቂ ብርሃን ባላገኘ ቦታ በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ ይሄዳል። ጨለማ ኪችን ውስጥ ነጭ ዘይት ቀለም መቀባት ብርሃን ይጨምራል ተብሎ ነው የሚደረገው፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቀለሙ ራሱ ይለወጣል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ሜላሚን ወይም ፎርማይካ የተለበጠ ሰሌዳ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ የማይለወጡትን ይዩ

ወለሉ፣ የግድግዳው ሴራሚክና ከላይ የሚያርፈው ግራናይት ወይም እብነ በረድ ከተወሰኑ ካቢኔቱ ከነሱ ጋር መስማማት አለበት። አንድ ነገር ብቻ በጥብቅ ይጠብቁ፦ የመሥሪያው ድንጋይና ከሥሩ ያለው በር አንድ ዓይነት ጥቁር አይሁኑ። ጠርዙ የት እንዳለቀ አይታይም፤ ብርጭቆ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ቢላ ይረሳል። በተለይ ዓይናቸው የደከመ ወላጅ በቤቱ ካሉ የጠርዙ መለየት ከውበት በፊት ይታሰብ። ጥቁር ግራናይት ከገዙ በሩ ፈካ ወይም መካከለኛ ይሁን።

የካቢኔቱ ውስጡ ግን ሁልጊዜ ነጭ ይሁን፤ የበሩ ቀለም ምንም ይሁን። በረሮ፣ የፈሰሰ ዘይት፣ ከቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል።

ደረጃ 7፦ ናሙናውን በቤትዎ ይሞክሩ

ሱቅ ውስጥ ያዩት ቀለም የሱቁ አምፖል ቀለም ጭምር ነው። 6500 ኬልቪን ብርሃን ቡናማውን ወደ ግራጫ፣ ክሬሙን ወደ ነጭ ይወስደዋል። 3000 ኬልቪን ደግሞ ነጩን ቢጫ ያስመስለዋል።

ሀ. ናሙናዎቹን ካቢኔቱ በሚሰቀልበት ከፍታ በቁማቸው ያስደግፏቸው። ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት ናሙና ከላይ ብርሃን ስለሚያገኝ ከእውነቱ የፈካ ሆኖ ይታያል።

ለ. ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ 10 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ላይ ይዩ። ማታ ሁለቱንም አምፖሎች በየተራ ይሞክሩ። ለአንድ ሳምንት እዚያው ይተዉት፤ የቤቱ ሰው ሁሉ በእርጥብ እጅ፣ በዱቄት እጅ ይንካው።

ሐ. የእድፍ ሙከራ። ዘይቱን ያሙቁ፣ በርበሬና እርድ ይጨምሩና በትንንሾቹ ቁርጥራጮች ላይ ጠብ ያድርጉ። አንዱን ወዲያው ይጥረጉ፣ ሌላውን ለ12 ሰዓት ይተዉት፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይጥረጉ። ለ12 ሰዓት የቆየው ከፈካው ላይ ካልለቀቀ ያ ገጽ ለወጥ ቤት አይሆንም፤ ሌላ ዓይነት ሰሌዳ ይጠይቁ። በርበሬው ለቆ እርዱ ብቻ ፈዛዛ ቢጫ ቢተው ቁራጩን ሁለትና ሦስት ቀን ጸሐይ ላይ ያውጡት፤ እርድ በጸሐይ ይደበዝዛል።

መ. የዱቄት ሙከራ። በጠቆረው ናሙና ፊት፣ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ፣ ዱቄት ይንፉ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይጥረጉ። ጨርቁ ያለፈበት መንገድ ከታየ በየቀኑ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ሠ. የውሃ ሙከራ። ጠርዙ ያልተለበጠ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ያቁሙ፣ ውፍረቱን በፊትና በኋላ ይለኩ። ቺፑድም (ከእንጨት ስብርባሪ የተጨመቀ ሰሌዳ) ኤምዲኤፍም ጥቂት ያብጣሉ። ክፉኛ አብጦ የሚፈረካከሰውን ግን በምንም ቀለም አይግዙ።

ደረጃ 8፦ ይወስኑ

ወረቀትዎ ላይ የመስኮት ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ የቆሻሻ ዝርዝርና የናሙና ውጤት አለ። አራቱም ወደ አንድ ካመለከቱ ጨርሰዋል። ከተጋጩ ብርሃኑ ይቅደም። ቆሻሻ በጨርቅ ይነሳል፤ ጨለማ ግን ካቢኔቱ እስካለ ድረስ አለ።

ቅልቅል ከመረጡ ፈካ ያለው ላይ፣ ጠቆር ያለው ታች ይሁን። የላዩ ካቢኔት በዓይን ትይዩ ስለሆነ ብርሃን የሚመልሰው እሱ ነው። ታቹ ጫማና መወልወያ የሚነካው ነው። ሁለት ቀለም ይበቃል፤ ሦስተኛው የድንጋዩ ነው።

ደረጃ 9፦ ሰሌዳ ያስሉና ይዘዙ

3 ሜትር ርዝመት ላለው ቀጥ ያለ ካቢኔት ስሌቱን እንሥራ። ታች ስድስት በር፣ እያንዳንዱ 72 ቁመት በ49.6 ወርድ፤ ላይ ስድስት በር፣ 70 በ49.6 ሳንቲም። የተለመደው ሉህ 244 በ122 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ነው።

የእንጨቱ መስመር ወደ ላይ የቆመ ከሆነ በ244ቱ ርዝመት ሦስት በር፣ በ122ቱ ወርድ ሁለት በር ይወጣል። አንድ ሉህ ስድስት በር ማለት ነው። 22 ሳንቲም ገደማ ትርፍም ይኖራል፤ ከሱ ወለሉ አጠገብ ለሚገባው የ10 ሳንቲም መሸፈኛ ሁለት ቁራጭ ይወጣል። ላዩ ፈካ ያለ፣ ታቹ ጠቆር ያለ ቢሆን አንድ አንድ ሉህ በትክክል ይበቃል።

መስመሩ አግድም እንዲሆን ከፈለጉ ግን ከአንድ ሉህ አራት በር ብቻ ነው የሚወጣው፤ ለአሥራ ሁለቱ ሦስት ሉህ ያስፈልጋል፣ ቅልቅል ከሆነም አራት። አናጢው ይህን ሳይነግርዎት «መስመሩን አግድም ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ ልዩነቱን አሁን ያውቁታል።

ሲያዝዙ እነዚህን በጽሑፍ ያስቀምጡ፦

- የሰሌዳው ቀለም ኮድ። «ነጭ» ወይም «ቡናማ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የናሙናዎ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ።
- ሁሉም ሉህ በአንድ ጊዜ ይገዛ። በሌላ ጊዜ የመጣ ተመሳሳይ ኮድ በመጠኑ ሊለይ ይችላል፤ ልዩነቱ ጎን ለጎን ሲሰቀል ይታያል።
- የጠርዙ ልባስ ከገጹ ጋር አንድ ቀለም፣ አራቱም ጠርዝ ላይ። አንዳንዱ ከላይና ከሥር ያለውን ይተወዋል፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።
- ለነጭ በር ነጭ ሙጫ። ቡናማ ሙጫ በጠርዙ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል፣ ቅባት ሲይዝም ይጠቁራል።
- እጀታ፣ በተለይ ለጠቆረ በር። ተገፍቶ የሚከፈት በር በቀጥታ በእጅ ስለሚነካ አሻራው አያልቅም። የቀዳዳ ርቀቱ 128 ሚሊ የሆነ ይምረጡ፤ ይህ የተለመደ መጠን ስለሆነ በኋላ ሌላ እጀታ መቀየር ይቀላል።
- የተረፈውን ቁራጭ ይቀበሉ። አንድ በር ቢበላሽ ቀለሙን የሚያመሳስሉበት እሱ ነው።

ደረጃ 10፦ ሲሰቀል

የግድግዳው ልስን ቢያንስ አራት ሳምንት ይድረቅ፤ በክረምት ከዚያም በላይ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካቢኔት ጀርባው ይሻግታል። የግድግዳ ቀለም፣ ሴራሚክና የመብራት መስመር ካቢኔቱን ይቅደሙ።

በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ኮላ በደንብ አይያዝም። በእጅ የሚለጠፍ የጠርዝ ልባስ ካለ ረፋድ ላይ፣ ክፍሉ ሞቅ ሲል ይለጠፍ። ጠዋት በብርድ የተለጠፈው ከወራት በኋላ ይላቀቃል፤ በጠቆረ በር ላይ ደግሞ የተላቀቀው ጠርዝ የውስጡን ፈዛዛ እንጨት ስለሚያሳይ ከሩቅ ይታወቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከጋዝ ምድጃ በላይ ካቢኔት ከ75 ሳንቲም ዝቅ ብሎ አይንጠልጠል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ ካቢኔት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ፣ ከጎን ካለ በርም ቢያንስ 60 ሳንቲም ይራቅ፤ አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ማንኛውንም ሰሌዳ ያበላሻል። በተዘጋ ኪችን ውስጥ ከሰል አያቀጣጥሉ፤ ጥቀርሻው ካቢኔቱን ያጠቁረዋል፣ ከከሰሉ የሚወጣው የማይታይ ጋዝ ግን ሰው ይገድላል።

ደጋግመን የምናያቸው ስህተቶች

- ከመዳፍ በማትበልጥ የካታሎግ ናሙና መወሰን። ጠቆር ያለ ቀለም በሰፊው ሲሰቀል ከናሙናው ይበልጥ ይከብዳል።
- ለጠባብ ኪችን እስከ ጣሪያ የሚደርስ ጥቁር ካቢኔት። ቦታ ያተርፋል፤ ክፍሉን ግን ይደፍነዋል። እስከ ጣሪያ ከፈለጉ ላዩ በግድግዳው ቀለም ይሁን።
- ወለሉ አጠገብ ያለውን መሸፈኛ ነጭ ማድረግ። የመወልወያው ውሃ በሳምንት ውስጥ ግራጫ ያደርገዋል። እሱ ብቻ በማንኛውም ኪችን ጠቆር ይበል።
- ነጭ ካቢኔት፣ ነጭ ሴራሚክ፣ ነጭ ግድግዳና 6500 ኬልቪን አምፖል አንድ ላይ። በብርድ አገር ክፍሉን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። 4000 ኬልቪን አምፖልና የእንጨት መልክ ያለው የታች በር ያስተካክለዋል።

አጽዳድና ማስተካከያ

የበርበሬ ዘይት በዚያው ቀን ይጠረግ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። ጥቁር በር ላይ የመጨረሻው ደረቅ ጨርቅ ግዴታ ነው፤ ውሃው ራሱ ሲደርቅ ምልክት ይተዋል። የብረት ስፖንጅና ሻካራ የማጽጃ ዱቄት በሁለቱም ላይ አይጠቀሙ። በረኪና ማጠፊያውን ያዝጋል፣ ጠርዙንም ይበላዋል፤ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ጥቁር ካቢኔት አሠርተው ኪችኑ የጨለመብዎ ሁሉንም አይንቀሉ። መጀመሪያ የካቢኔት ሥር መብራት ያስገቡ፣ ቀጥሎ ግድግዳውንና ጣሪያውን ነጭ ይቀቡ። ካልበቃ የላዩን በሮች ብቻ ይቀይሩ፤ ሳጥኖቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ከላይ እንዳሰላነው ለ3 ሜትር ካቢኔት የሚፈጀው አንድ ሉህ ነው። አዲሶቹ በሮች በአሮጌው ማጠፊያ ቀዳዳ ልክ እንዲበሱ አንዱን አሮጌ በር ነቅለው ለአናጢው እንደ መለኪያ ይስጡት።